ኮንቴይነሬ ያቆመው ሠርግ

የመጀመሪያውን ኮንቴይነር ከጎንደር አስመጥቼ ያቆምኩት እናቴ ደጅ ላይ ነበር። በከተማችን በገንዳ ውሃ ሌላ የማቆምበት ቦታ አልነበረኝም። መኪናው አፍንጫውን ወደ አስፋልቱ፣ ጀርባውን ወደ እናቴ የከርከዴ ተክል አዙሮ ቆመ። እናቴ ከቤት ወጥታ፣ ፀሐዩን በመዳፏ ከልላ፣ ዝገት የነካካውን ቀይ ሳጥን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ውስጡ ምን አለ?" አለችኝ።

"ምንም። ባዶ ነው።"

"ባዶውን ነው ከጎንደር ድረስ ጭነሽ ያመጣሽው?"

"አዎ።"

ከጋቢናው ወደሚወርዱት አጎቴ ዞረች። "እርስዎስ ወንድም ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ስትሞኝ ዝም ብለው ያያሉ?"

አጎቴ ፊታቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ሳቁ። "ኸላስ፣ ገባንበት እኮ" አሉ።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ገዳሪፍና ካርቱም ሲመላለሱ የሱዳን አረብኛ በንግግራቸው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አንድ ነገር ሲያልቅ "ኸላስ"፣ ደስ ሲላቸው "ተማም"፣ መንገድ ሲጀምሩ "ያላ" ይላሉ። ሥራ ካቆሙ በኋላ ቀኑን ሙሉ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በሞተሩ ድምፅ ብቻ እየለዩ "ይሄኛው ሦስተኛ ማርሹ ታሟል" ይሉ ነበር። ሐሳቤን ስነግራቸው ከእኔ በላይ የተደሰቱት ለዚህ ይመስለኛል። የነበረቻቸውን አይሱዙ ሸጡ፣ እኔም ያለኝን ጨመርኩ፣ ያረጀ ግን ጉልበት ያለው የጭነት መኪና ገዛን።

ሐሳቡ የመጣልኝ ድንበሩ ላይ ነው። አባቴ ከደጋ ወርዶ እዚህ ቆላ የሰፈረ የሰሊጥና የማሽላ ገበሬ ነበር። እኔ ግን ጎንደር ተምሬ ስመለስ መተማ ዮሐንስ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከፖርት ሱዳን የሚመጣውን ዕቃ መቀበል ነበር። ኮንቴይነርን እዚያ ወደድኩት። ሰው እንዴት ብረት ይወዳል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። በሩ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ግን አላሸተታችሁትም። አዲስ ጎማ፣ ካርቶን፣ ከዚያ ደግሞ ኋላ ላይ ባሕር መሆኑን ያወቅሁት አንድ እንግዳ ነገር ይሸታል። ጎኑ ላይ ያለው ጭረትና ስርጉድ የስንት አገር ነው እያልኩ በእጄ እዳስሰው ነበር። ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ በሩ ሲዘጋ ነው። ከተዘጋ በኋላ ውስጡ ያለውን ነገር ዝናብ አይነካውም፣ አቧራ አይነካውም።

የእኛ ሰሊጥ ደግሞ በጆንያ ሆኖ ክፍት መኪና ላይ ይጫንና ሸራ ይለብሳል። ጎንደር ይወርዳል፣ እንደገና ይጫናል። መሀል አገር ደርሶ ይወርዳል፣ ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። በየመውረጃው ጆንያ ይቀደዳል። የኛን ሰሊጥ ከባሕር ማዶ ሰው ይልቅ የመንገድ ዳር ወፎች ሳይበሉት አይቀሩም። "ታዲያ ኮንቴይነሩ ለምን እዚህ ድረስ መጥቶ አይጭነውም?" ብዬ የጠየቅኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ "መጥቶ አያውቅማ!" በጎረቤት አገር ጦርነት ተነሥቶ ድንበሩ ሲቀዘቅዝ ቢሮው ተዘጋ። እኔም ጥያቄዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ።

ሥራው ግን ቶሎ አልመጣም። ባለመጋዘኖቹ እየመጡ ሳጥኑን ያንኳኳሉ፣ "ጥሩ ብረት ነው" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ፀጉር አስተካካይ በር ላይ መስተዋት ቢሰቀልበት ጥሩ ሱቅ ይሆናል ብሎ እንዳከራየው ለመነኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "እስቲ አስቢበት፣ ቢያንስ ቆሞ ከሚውል" አለችኝ።

ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ላሜራ በሚያቀልጥበት ሰሞን ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፣ ትዕዛዝ የለመደ ድምፅ።

"ያቺ ሳጥን ያላት ልጅ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ከገለጉ ነው የምደውለው። ሰሊጤን ዋጋ እስኪሻለው አቆይቼው ነበር። አሁን ገዢ አገኘሁ፣ ግን አበጥሬ ያስቀመጥኩት ከማንም ሰሊጥ ጋር ሳይነካካ እንዲደርሰው ይፈልጋል። መጋዘኔ ድረስ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኩ። አጎቴን ሳልጠይቅ።

ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። "ገለጉ?" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "በኮንቴይነር?" አሉ። ከዚያም ጎረቤት እስኪሰማ፣ "በግንቦት?" የገለጉን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። በበጋ አቧራ ነው፤ አንዴ ከዘነበበት ደግሞ ያ ጥቁር ዋልካ አፈር እንኳን መኪና፣ የእግረኛን ጫማ አይለቅም። የመኪናውን ቁልፍ አቀበልኳቸው። ሰማዩን አዩ። አንድም ደመና አልነበረበትም። ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

"ያላ፣ ሳንቀደም እንሂድ።"

ገለጉ ስንደርስ ከተማው ወጥቶ አየን ማለት ይቻላል። ኮንቴይነር በዚያ መንገድ ሲመጣ ያየ ሰው አልነበረም። ነጋዴዋ ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሽቅብ እያዩም ቁልቁል የሚያዩ የሚመስሉ ሴት ናቸው። መጋዘናቸው ደጅ ላይ ጫኞቹ ረጅም ሳንቃ ከመሬት እስከ ኮንቴይነሩ በር ዘረጉና ጆንያውን በትከሻቸው እያወጡ መደርደር ጀመሩ። ሴትዮዋ ራሳቸው በሳንቃው ወጥተው ገቡ። ግድግዳውን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እየፈለጉ እስከ ጥጉ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈታ ብሏል።

"አይረጥብብኝም?"

"አይረጥብም እትዬ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ጉምሩክ ማሸጊያውን የሚያስረው ገንዳ ውሃ ስለነበር ለማውረጃ የሚሆነንን ሳንቃ ከመኪናው ጎን አስረን፣ በሩን በራሳችን ቁልፍ ዘግተን ወጣን። ሰማዩ አሁንም ንጹሕ ነበር፣ ከምሥራቅ በኩል ጥግ ላይ ካለችው አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ በቀር። አጎቴ አዩዋት፣ እኔም አየኋት፣ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ዝናቡ የያዘን ከተጨደ የማሽላ ማሳ አጠገብ፣ ረባዳ ቦታ ላይ ነው። ብዙ አልቆየም፤ ግን የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነውና በአንድ ጊዜ ባልዲ እንደደፉት ወረደ። አጎቴ ማርሽ ቀየሩ፣ መኪናው አቃሰተ፣ የኋላ ጎማው ዞረ፣ ዞረና እስከ ወገቡ ዋልካው ውስጥ ተቀመጠ። የሚገርመው መኪናው ዞር ብሎ መንገዱን ሙሉ በሙሉ መዝጋቱ ነው። በግራ ጉድጓድ፣ በቀኝ ጭቃ፤ ባጃጅ እንኳ አታልፍም።

ወርደን ጎማውን እያየን ሳለ ከኋላችን ክላክስ ሰማን። አንድ ሳይሆን ብዙ፣ ደግሞ በዜማ። ዞር ስንል አበባና ሪባን የተደረገላት ፒክአፕ፣ ሌሎች መኪኖች ተከትለዋት፣ ከሁሉም ኋላ ዘመድ የጫነ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር።

"ሠርግ ነው" አሉ አጎቴ፣ እንደ መርዶ።

ከፊተኛው መኪና አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወረዱ። የሙሽራው አባት ናቸው። ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ጭቃውን እየረገጡ መጡና፣ "የዚህ ሳጥን ባለቤት ማነው?" አሉ።

አጎቴ ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሽማግሌው አጎቴን አዩ፣ እኔን አዩ። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"ልጄ፣ ሠርግ ነው እኮ ያገድሽው! ሙሽራ ይዘን ነው! ገንዳ ውሃ ዳስ ሙሉ ሰው ይጠብቀናል፣ በሬው ታርዷል፣ ወጡ ተሠርቷል። መንገድ ላይ ልናድር ነው?"

"አናድርም" አልኩ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። "ትራክተርዎ ተሳቢውን ፈትቶ ይጎትተን።"

ጥሩ ገበሬ ስለሆኑ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ትራክተሩንም ያመጡት ዝናብ ቢመጣ ብለው ነው። ዘመዶቹ ከተሳቢው ወረዱ፣ ትራክተሩ በጎን በጉድጓዱ በኩል እየተንገጫገጨ አልፎ ፊታችን ቆመ፣ ካቦ ታሰረ። ትራክተሩ አፍንጫውን አነሣ፣ ካቦው ተወጠረ፣ የኛ መኪና ትንሽ ተነቃነቀና ተመልሶ ተቀመጠ። ደግመው ሞከሩ። ያው ነው።

"ካልተቃለለ አይወጣም" አሉ አጎቴ ቀስ ብለው፤ ዓይኔን ላለማየት ሰማዩን እያዩ።

የማቃለል ትርጉሙ ይገባኛል። በሩን ከፍቶ ሰሊጡን ማውረድ። የሰማዩ ጥግ እንደገና ጠቁሯል። ቃሌ ነው ያልኩት ገና ጠዋት ነው። እጄን የበሩ ቁልፍ ላይ አደረግሁ። ያን ጊዜ የሙሽራው አባት ወደ ተሳቢያቸው አሻግረው አዩ። ተሳቢው ላይ ለዘመዶቹ ጥላ እንዲሆን ወፍራም ሸራ ተወጥሮበታል።

"ጆንያዎቹ እዚያ ይውጡ" አሉ። "ሸራውን አጥፈን እናልብሳቸው። ጠብታ አይገባቸውም።"

"እንግዶችዎስ? ዝናብ ቢመጣ?"

"የእኛ ሰው አይሻግትም፣ ሰሊጥሽ ነው የሚሻግተው!"

ከዚያ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይፈካል። ለዘር ወቅት ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞች በእግር ወደ እርሻ ሲያልፉ አዩንና ሳይጠሩ መጡ። "ምን ገጠማችሁ ጃል?" አለ አንደኛው፣ መልስ ሳይጠብቅ ሸሚዙን አውልቆ። ሚዜዎቹ ተያዩ። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ደረት ላይ አበባ። አንዱ ሚዜ ኮቱን አውልቆ ለአንዲት አክስት ሰጠ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሙሽራው ራሱ ሊሸከም ሲጠጋ እናቱ ጮኹበት፣ እሱ ግን አንዱን ጆንያ ተሸክሞ በጭብጨባ አሻገረ። ሴቶቹ ለእያንዳንዱ ጆንያ እልል ይሉ ጀመር። ተሳቢው ሞላ፣ ሸራው ታጥፎ ለበሰው፣ ገመዱን አጎቴ በእጃቸው አጠበቁት። ኮንቴይነሩ ግማሹ ባዶ ሆነ።

ያኔ ሁለተኛው ዝናብ መጣ።

"ግቡ!" ብዬ ጮህኩ፣ "ሁላችሁም ኮንቴይነሩ ውስጥ ግቡ!" ሰው በሳንቃው ላይ ተሯሯጠ። አሮጊቶቹን ሚዜዎቹ ተሸክመው አስገቡ። ሙሽራዋ ከፒክአፑ ወርዳ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ነጭ ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ትታ፣ በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች። የቀሩት ጆንያዎች ላይ እንደ ዙፋን አስቀመጧት። የጎጃም ሰዎችም በሩ ላይ ተጠጋጉ። ዝናቡ ጣራውን ሲመታው ውስጡ እንዲህ ያስተጋባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንዲት ወፈር ያሉ ሴት ከበሮ ይዘው ነበር። አንዴ መቱትና ደነገጡ፤ ብረቱ ድምፁን አሥር ከበሮ አድርጎ መለሰላቸው። ደግመው መቱ። ቀጠሉ። ከዚያ እዚያው የገጠሙትን ለቀቁት፦

አዳራሽሽ ብረት ምንጣፍሽ ሰሊጥ፣
እንኳን ሰው ዝናቡም ለሠርግሽ ሲሮጥ።

ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። ግድግዳውን በመዳፉ የሚመታው፣ ወለሉን በእግሩ የሚመታው፣ እስክስታ የሚወርደው! የጎጃሞቹ ሠራተኞች ትከሻ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሚዜዎቹን ጥግ አስያዟቸው። ቅድም መንገድ ላይ ልናድር ነው ብለው የተቆጡት የሙሽራው አባት ጋቢያቸውን አሸርጠው መሀል ገቡ። አጎቴ በሩ ላይ ቆመው እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። እኔም ጨፈርኩ። የሰው ሠርግ መሆኑን፣ የመጀመሪያ ጭነቴ መሆኑን፣ ፀጉሬ ጭቃ መሆኑን ሁሉ ረሳሁት።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሄጄ ከሙሽራዋ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እጇ በሂና አጊጧል። በዚያ እጅ ግድግዳው ላይ ያለውን ስርጉድ እየዳበሰች ነበር።

"ይቅርታ፣ ሠርግሽን አበላሸሁት" አልኳት።

"አላበላሸሽውም" አለችና ዞር አለች። "ይሄ ከየት ነው የመጣው?"

"ከጎንደር።"

"እሱን አላልኩም። መጀመሪያ።"

"አላውቅም። ብዙ አገር ሳይዞር አልቀረም።"

"አሁንስ ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል? ማን ይቀበለዋል? ሲመለስስ ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ ነው የሚመጣው?"

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ከእናቴ በቀር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እናቴም የጠየቀችው መልሱን ፈልጋ አልነበረም። ባዶ እንዳይመለስ ማዳበሪያና የግንባታ ዕቃ የማምጣት ሐሳብ እንዳለኝ ነገርኳት። ዓይኗ በራ። የተመረቀችው በማኔጅመንት ነው፤ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ አጥታ ነው ቤት የተቀመጠችው። ከበሮው እየተመታ፣ ሰው እየዘለለ፣ እኛ ስለ ሰሊጥ ወቅት፣ ስለ መኪና ኪራይ፣ ጎንደር ላይ ማን ባዶ ኮንቴይነር እንዳለው እያወራን ቀረን።

"ሥራ ትሰጪኛለሽ?" አለችኝ በድንገት።

"መጀመሪያ ተጋቢ እንጂ!" አልኳት፣ ሁለታችንም በሣቅ ወደቅን።

ዝናቡ ሲያባራ አጎቴ ሥራ አከፋፈሉ። ሰው ማሳው ውስጥ ገብቶ የማሽላ አገዳ በክንድ በክንዱ አመጣ፤ ጎማው ፊት ረብርበን አነጠፍነው። ትራክተሩ እንደገና ጎተተ፣ ከኋላ ሱፍ ለባሹና ሸሚዝ አውላቂው ተደባልቆ ገፋ፣ አጎቴ ጋቢና ውስጥ ሆነው "ያላ! ያላ!" እያሉ መሪውን ይቆጡታል። አገዳው ተሰባበረ፣ ጎማው ያዘ፣ መኪናው ከጭቃው ተነቅሎ ወጣ። የጮህነውን ጩኸት ገለጉ ያሉት ሰዎች ሳይሰሙት አይቀሩም።

ሰልፉ ግን እንዳመጣጡ አልቀጠለም። ከፊታችን ያለው ደረቅ ወንዝ አሁን ውሃ ይዟል፤ የተሸለመችው ፒክአፕ ልትሻገረው አትችልም። ሽማግሌው ውሃውን አዩት፣ የኛን መኪና ቁመት አዩት፣ ሳቁ። "ያገደን ሰው ያሻግረን" አሉ። ስለዚህ ሙሽራዋ በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በእኔና በሙሽራው መሀል ተጨናንቃ ተሳፈረች። ወጣቶቹ ኮንቴይነሩ ውስጥ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰሊጡ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ከኋላችን። መኪኖቹ ውሃው እስኪጎድል ቆይተው እንዲከተሉ ተተዉ። አጎቴ በእርጋታ ነዱ፤ ክላክሱን ግን አላሳረፉትም።

ገንዳ ውሃ ስንገባ ገና አልመሸም ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ቀይ ሳጥን እየዘፈነ ሲመጣ ማን ዝም ይላል! እናቴ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ሙሽራዋ ከጋቢናው አንገቷን አውጥታ እጇን ስታውለበልብላት እናቴ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ቀጥላ እልል አለች። ሠርጉ ዳስ ስንደርስ የሙሽራው አባት አጎቴንና እኔን ከዘመድ ጋር አስቀምጠው አበሉን። በማግስቱ ጆንያዎቹን ከተሳቢው ወደ ኮንቴይነሩ መለስናቸው። እያንዳንዱን በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ ነበር። ማሸጊያው ታሰረ፣ መኪናው ሄደ። የገለጉዋ ሴትዮ ሰሊጡ ገዢው ዘንድ በሰላም እንደደረሰ ሲነገራቸው ደወሉልኝ። ምስጋናቸው አጭር ነበር፤ "ለሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሰው እንዳትቀጠሪ።"

ሙሽራዋ በዚያው የቀረች መስሎኝ ነበር። የሰኔ ጾም ሳይጋመስ፣ እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ብሎን ሳጠብቅ፣ ሂናው ገና ያልለቀቀ እግር ከአጠገቤ ቆመ። ቀና ስል ባሏም አብሯት አለ።

"ተጋብቻለሁ" አለችኝ። "ሥራዬ የት ነው?"

ቢሮ እንኳ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ወንበሯ የእናቴ ዱካ ነው። ግን ስልክ አያያዟ! ጎንደር ያሉትን ባለኮንቴይነሮች እየደወለች አንድ በአንድ ለማዳችን አደረገቻቸው። ወደ መሀል አገር ስንሄድ ሰሊጥ፣ ስንመለስ ቆርቆሮና ማዳበሪያ መጫን ጀመርን። አማቷ በመንገዱ ዳር ያለውን ባዶ ቦታቸውን ሰጡን፤ አፈር ቆፍረን መኪናው ወደ ኋላ ገብቶ የኮንቴይነሩ ወለል ከመጋዘኑ ወለል ጋር የሚስተካከልበት ጉድጓድ ሠራን። አሁን ጫኝ በሳንቃ አይወጣም፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። በአዝመራ ወቅት ከአብደራፊ ሳይቀር የሚመጡ ገበሬዎች እዚያ ተራ ይጠብቃሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ዋጋ ይከራከራሉ። ግቢውን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሠራተኞቹ እስከዛሬ "ሙሽሪት" ነው የሚሏት፤ ልጅ ወልዳም አልቀረላትም።

አጎቴ አዳዲስ ሾፌሮች ያሠለጥናሉ። ያሠለጥናሉ ይባል እንጂ ጋቢና ውስጥ ጎናቸው ተቀምጠው ይቆጧቸዋል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጭነት ወደ ባሕር እየላክኩ ባሕርን አይቼ አላውቅም። ባለፈው አዝመራ ማብቂያ ላይ ሙሽሪት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። "ፓስፖርት አውጪ" አለችኝ። "አጎትሽም ያውጡ። የእኔን አውጥቻለሁ።" እንቢ ለማለት ስዘጋጅ "የመኪናውን ተራ የማወጣው እኔ ነኝ፣ ለሦስታችንም ቀን ይዣለሁ" ብላ ሄደች።

የራሳችንን ኮንቴይነር ተከትለን ጅቡቲ ገባን። የፈቃዱ ነገር አድካሚ ነበር፣ ሙቀቱ ግን ለእኛ ለመተማ ሰዎች እንግዳ አልሆነም። ቢጫ ሰደርያ አልብሰው፣ ከአንድ ኃላፊ ጋር ራቅ ብለን እንድናይ ፈቀዱልን። ከመርከቡ በላይ የቆመው ክሬን ክንዱን አወረደ፣ ሰሊጣችንን የያዘውን ሳጥን ከመኪናው ላይ አነሣ፣ ወደ ሰማይ ወሰደው። እኛ ያን ያህል ሰው፣ ትራክተርና የማሽላ አገዳ ያስፈለገንን ነገር፣ እሱ እንደ ክብሪት ቀፎ አንጠለጠለው። አጎቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ተማም" አሉ ለራሳቸው፣ "ተማም፣ ተማም።" ሙሽሪት እልልታዋን ለቀቀችው፤ የወደቡ ሠራተኞች ሁሉ ዞረው አዩን፣ አንዱም በሩቅ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳር ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት።

"ባሕሩ ጋ ነኝ" አልኳት።

"እንዴት ነው? ትልቅ ነው?"

"ዳርቻ የለውም።"

"ይጠጣል?"

"አይጠጣም እማዬ፣ ጨው ነው።"

"ያን ሁሉ ውሃ! በይ እንዳታመሺ፣ አጎትሽንም ምሳ አብያቸው" አለችኝ።

ዓሣ አዘዝን። አጎቴ አጥንቱን እየለቀሙ፣ ነገ በስንት ሰዓት ብንነሣ ሙቀቱ ሳይበረታ የድንበሩን ኬላ ጋላፊን እንደምናልፍ ለሙሽሪት ያስረዷት ጀመር፤ እሷም እየሰማች ለመመለሻ ጭነት የሚሆን ቆርቆሮ ስለ መኖሩ በስልክ ትጠይቅ ነበር።